በረዶው ነው የሚያበላሸው፦ ኢንሱሊን ይዞ የወሎን ዳገትና ቁልቁለት

(ምስል፦ ማለዳ፣ ደሴ መናኸሪያ። ረዳቶች «ወልድያ! ኮቦ!» እያሉ ይጣራሉ። አንዲት እናት ጥቁር ፌስታል እንደ እንቁላል ተጠንቅቀው ይዘዋል።)

በእኚህ እናት ፌስታል ውስጥ እንደ ድንጋይ የጠጠረ በረዶ የሞላበት የውሃ ፕላስቲክ አለ። ከበረዶው ጋር ተጣብቆ አንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን፣ የስኳር ሕመም መርፌ፣ ተቀምጧል። ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ ኮቦ መውረዳቸው ነው፤ የቆላው ሙቀት መድኃኒቱን እንዳያበላሽባቸው ብለው ውሃውን ሌሊቱን ሙሉ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረውታል። ሐሳባቸው ሸጋ ነው። ነገር ግን መኪናው ገና ሐይቅን ሳያልፍ መድኃኒቱ ከጥቅም ውጪ ሊሆንባቸው ይችላል፤ የሚያበላሸውም ቆላው ሳይሆን ያ ሌሊቱን ያሳደሩት በረዶ ነው።

ይህን አፌን ሞልቼ የምናገረው እኔው ራሴ አጥፍቼ ስላየሁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእናቴ ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ይዤ ሄድኩ። ብልቃጦቹን በሁለት የበረዶ ፕላስቲኮች መካከል አስገብቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ በላዩ ጋቢ ደርቤ አሰርኩት። ደሴ ስደርስ ሁሉም ነገር ደህና ይመስል ነበር፤ ብልቃጡ እጅ ያቀዘቅዛል፣ ውስጡ ያለው ውሃ ጥርት ያለ ነው። በአራተኛው ቀን የእናቴ ስኳር 400 ገባ። በመጀመሪያ ዳቦውን ከሰስን፤ ቀጥሎ የጎረቤቱን ሠርግ፤ በመጨረሻ እናቴን ራሷን «ደብቀሽ ማር ትልሻለሽ» ብለን ከሰስናት። አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ግን ታሪኩን ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «በረዶ ነክቶት ነበር?» እናቴን ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ እሷ ግን እስካሁን ያችን ማር ታነሳብኛለች።

(ምስል፦ የብልቃጥ ሥዕል። በውስጡ እንደ ክር ኳስ የተጠቀለሉ ነገሮች ይንሳፈፋሉ።)

ለምን እንዲህ ሆነ? ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። በቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1921 ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከቆሽት አውጥተው ካሳዩት ጊዜ ጀምሮ አሠራሩ ብዙ ተሻሽሏል፤ ፕሮቲንነቱ ግን ያው ነው። ፕሮቲን ሥራውን የሚሠራው በአተጣጠፉ ነው። ውሃው በረዶ ሲሆን ያ አተጣጠፍ ይዛባል፣ ፕሮቲኖቹም እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። በረዶው ቢቀልጥም ወደ ነበረበት አይመለስም፤ የተቆራረጠ ወተት ቢያቀዘቅዙት ቢያሞቁት ተመልሶ ወተት እንደማይሆነው ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን መልኩ ምንም ያህል ቢያምር ይጣላል። ዋጋው ያንገበግባል፤ ቢሆንም ይጣላል።

ሙቀት በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። ሙቀት ቀስ እያለ የሚበላ ነው። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ከተቀመጠ እስከ ማብቂያ ቀኑ ይቆያል። የተከፈተው ግን አብዛኛው ዓይነት ከፍሪጅ ውጪም ቢሆን ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ለ28 ቀን ያገለግላል፤ የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር ከውስጥ ያለው ወረቀት ይነግራችኋል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በኬንያው የዳዳብ መጠለያ ጣቢያ ያለውን የሙቀት መለዋወጥ መሠረት አድርገው ጥናት ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ውጤት በ25 እና በ37 ዲግሪ መካከል ሲወጣ ሲወርድ ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንደጠበቀ አሳይቷል። ይህን የምጠቅሰው መድኃኒታችሁን ፀሐይ ላይ እንድታሰጡት አይደለም። ከደሴ ኮቦ በግማሽ ቀን መንገድ በጥላ ሥር የተያዘ ብልቃጥ በሙቀቱ ብቻ እንደማይሞት አውቃችሁ ከበረዶው እንድትርቁ ነው።

(ምስል፦ የመንገዱ ከፍታ በመስመር ተሥሎ ይወጣል፣ ይወርዳል።)

የወሎ መንገድ አስቸጋሪነቱ አንድ ዓይነት አየር አለመሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጣርማ በር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጉም፣ ጣልያን በፈለፈለው ዋሻ አልፋችሁ ትወርዳላችሁ፤ ጥቂት ቆይታችሁ ሸዋ ሮቢት ላይ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። ከዚያ የከሚሴ ወበቅ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ 2,500 ሜትር ወጥታችሁ ደሴ፣ ጦሳ ሥር። በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በስድስት ዲግሪ ገደማ ይለያያል። ከደሴ ወደ ባቲ ገበያ የሚወርድ ሰው ጠዋት ጋቢ ለብሶ ተነሥቶ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ይፈልጋል። ለዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት አስተሳሰር አይበቃም።

እንግዲያው የት እናስቀምጠው? በመጀመሪያ የት እንደማይቀመጥ ልናገር። ዳሽቦርድ ላይ አይቀመጥም፤ በፀሐይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ፖርቶመጋላ ላይ ከዕቃ ጋር አይታሰርም። ከሞተሩ አጠገብ፣ ወለሉ በሚግልበት ቦታ እግር ሥር አይደረግም። ረዳቱ «እዚህ አስቀምጥልዎታለሁ፣ አብሽሩ» ቢልም አትስጡት፤ መድኃኒት ከእጅ አይለይም። ከሁሉም በላይ ደግሞ በየሱቁ ለስላሳ የሚቀዘቅዝበት ሳጥን ፍሪዘር ውስጥ «ለአንድ ሰዓት ብቻ» ብላችሁ አታስቀምጡ። ባለሱቁ ደግ ሰው ነው፤ ሳጥኑ ግን ደግነት አያውቅም።

(ምስል፦ ገንቦ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ አንድ ብልቃጥ።)

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። አያቶቻችን ውሃ በገንቦ የሚያስቀምጡት ለምን ነበር? ሸክላ ያልባል። በቀዳዳዎቹ የሚወጣው ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ በውስጡ የቀረውም ይቀዘቅዛል። ላብ ሰውነታችንን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው። ይህ ዘዴ ለኢንሱሊን የተመቸበት ትልቅ ምክንያት አለ፦ የቱንም ያህል ቢሠራ በረዶ አያደርግም። እስከ 8 ዲግሪ ባያወርድም ከውጪው አየር ግን በበርካታ ዲግሪ ያበርዳል፤ ለተከፈተ ብልቃጥ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

በመንገድ ላይ ሲሆን እንዲህ ይሠራል። ብልቃጡን ከነካርቶኑ ውሃ በማያስገባ ትንሽ ፌስታል ቋጥሩት፤ ጽሑፉ እንዳይለቅ ነው። በላዩ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ከሁሉ ይበልጣል። ጨርቁን አርጥቡና ጨምቁ፤ ከዚያ አየር በሚያገኘው ቦታ፣ በመስኮት በኩል ግን በጥላ ሥር፣ አንጠልጥሉት። ሲደርቅ እንደገና አርጥቡ። ጨርቁን በሌላ ፌስታል ከሸፈናችሁት ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ አየር ካልነካው አይተንም። በበጋ በባቲና በኮቦ ደረቅ አየር ደንበኛ ሆኖ ይሠራል፤ በክረምት፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ሲሆን፣ ይሰንፋል።

ያልተከፈቱ በርካታ ብልቃጦች ይዛችሁ ረጅም መንገድ የምትሄዱ ከሆነ በረዶ ያስፈልጋችሁ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ክትባት ይዘው ገጠር ለገጠር ከሚዞሩት የጤና ባለሙያዎች ተማሩ። በረዶ ከሚጎዳው ክትባት ጋር ከፍሪዘር የወጣ በረዶ ወዲያው ሳጥን ውስጥ አይገባም። ጠረጴዛ ላይ ይቆያል፤ ላብ ያወጣል፤ ጆሮ ሥር ይዘው ሲወዘውዙት በውስጡ ውሃ ሲንቦጫቦጭ ይሰማል። ይሄኔ ነው የሚገባው። እናንተም ይህን ጠብቁ፣ ከዚያም በበረዶውና በብልቃጡ መካከል ወፍራም ፎጣ ይኑር። በረዶ ካላገኛችሁ ሰፊ አፍ ያለው ፔርሙስ በቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ ጥቂት አቆዩ፣ ውሃውን ድፉና አድርቁ፣ ብልቃጡን ከተቱና ክደኑ። ጠዋት ቡና ለመያዝ የሚያገለግለው ዕቃ ቅዝቃዜንም አጥብቆ ይይዛል።

የደጋውን ነገር ደግሞ አትናቁት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በወረኢሉ መንገድ ጉጉፍቱ ላይ፣ ወይም ደላንታ ሜዳ ላይ ያደረ ሰው ውርጭ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ውጪ በቆመ መኪና ውስጥ ያደረ ብልቃጥ ያለ ምንም ፍሪዘር በረዶ ሊሆን ይችላል። እዚያ መድኃኒቱ ከእናንተ ጋር ጋቢ ሥር ይደር፤ ከገላ ጋር ግን አይለጠፍ፣ በመካከል ልብስ ይኑር።

(ምስል፦ በገደል መንገድ ወደ ግሸን የሚወጡ ምእመናን።)

ብልቃጡ ደህና ቢሆንም ሰውየው ደህና ላይሆን ይችላል። ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም በእግሩ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ጡንቻው ስኳሩን እንደ ማገዶ ያነድደዋል። በዚያ ላይ ሙቀት መርፌውን በቶሎ ወደ ደም ያስገባዋል፤ ጭን ላይ ተወግቶ ዳገት መውጣት ደግሞ ይበልጥ ያፈጥነዋል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ብርድ ያለ ላብ፣ ልብ መምታት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ሲመጣ ስኳር ወርዷል ማለት ነው። ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ 15 ደቂቃ መጠበቅ፣ እንደገና መለካት። ካልተስተካከለ መድገም። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አይጨመርም፤ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። በአውቶቡስም ቢሆን «ቁርስ ሐርቡ ላይ ነው» ብሎ ሹፌሩ ስለተናገረ ቀድማችሁ አትወጉ፤ ጎማ ሊፈነዳ፣ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ምግቡ ፊታችሁ ሲቀርብ ተወጉ። የረመዳንም ሆነ የዓቢይ ጾም የምትጾሙ ከሆነ የመርፌውን ሰዓትና መጠን ከሐኪም ጋር ሳትመክሩ ጉዞ አትጀምሩ።

መድኃኒቱን በሁለት ከፍላችሁ ያዙ፤ አንዱ ከእናንተ ጋር፣ ሌላው ከአብሮ ተጓዥ ጋር። ስትሄዱ ከሚያስፈልገው እጥፍ ያዙ። በአውሮፕላን ከኮምቦልቻ ወይም ከላሊበላ የምትነሡ ከሆነ ከሻንጣ ጋር አታስገቡት፤ የዕቃ ክፍሉ ሊቀዘቅዝ ይችላል። በእጅ ይዛችሁ፣ ከነማዘዣው፣ ለፈታሹ አሳዩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ብልቃጡ ላይ ያለው ማብቂያ ዓመት በፈረንጅ ነው። 2027 የሚል ብልቃጥ በእኛ አቆጣጠር 2019 ወይም 2020 ላይ ነው የሚያበቃው። ይህን ሳያዩ «ገና ብዙ ዓመት አለው» ብለው ያስቀመጡ ሽማግሌ አውቃለሁ። የከፈታችሁበትንም ቀን በእስክርቢቶ ካርቶኑ ላይ ጻፉ። አንድ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ይይዛል፤ በቀን 20 ዩኒት ለሚወስድ ሰው 28ኛው ቀን ሲደርስ ገና ግማሽ ያህል ይቀራል። ያም ይጣላል።

ጥርት ያለው ዓይነት ከደፈረሰ አትወጉት። ብዙ ሰው ሌንቴ እያለ የሚጠራው ደብዛዛው ዓይነት በመዳፍ መካከል ቀስ ብሎ ሲንከባለል እኩል ነጭ መሆን አለበት፤ እየተንሳፈፈ የማይጠፋ ቅንጣት ካለው፣ ወይም ብርጭቆው ላይ ውርጭ የመሰለ ነገር ከተለጠፈ ተበላሽቷል። ግን የእኔን ብልቃጥ አስታውሱ፤ ምንም አላሳየም። ከጉዞ በኋላ ስኳር ያለ ምክንያት ከፍ ካለ ሰውን ከመክሰስ በፊት አዲስ ብልቃጥ ክፈቱ።

ይህ ሁሉ ስለ ኢንሱሊን ነው። ሌላ የሚቀዘቅዝ መርፌ፣ ለምሳሌ ክትባት ወይም ለወላድ እናት የሚሰጠው ኦክሲቶሲን፣ የራሱ ሕግ አለው፤ የአራት ሳምንቱ ፈቃድ ለእነሱ አይሠራም።

(ምስል፦ የዘመድ ቤት ፍሪጅ ይከፈታል። ቅቤ፣ ሥጋ፣ ለስላሳ።)

ስትደርሱ ዘመድ ፍሪጁን ይከፍትላችኋል። መሃለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከኋላው ግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት። በሩ ላይ አይሁን፤ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት፤ ተዘግቶ ከቆየ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪጅ ከሌለ ትንሽ ገንቦ በትልቅ ሸክላ ውስጥ አስገብታችሁ፣ በመካከል አሸዋ ሞልታችሁ አሸዋውን አርጥቡ፤ ብልቃጡ በትንሹ ገንቦ ውስጥ ይቀመጣል። እናቴ ዛሬ በደሴ አልጋዋ አጠገብ እንዲህ ያለ ገንቦ አላት። ባለፈው ጊዜ አንድ እንግዳ ማር መስሎት ክዳኑን ገልጦ ነበር፤ እናቴም ወደ እኔ ዞር ብላ «አየህ፣ ማሩ ያለው እዚህ ነው» አለችኝ።