የኒውክለስ ሽፋን ለጂኖች ምን ይሠራል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼን የኒውክለስ ሽፋን ዲኤንኤን ከቀረው የሕዋስ ክፍል የሚለይ ግድግዳ ነው እያልሁ አስተምራለሁ። ጂኖችንም ይቆጣጠራል የሚሉት እንዴት ነው?

መልስ፦ የሚያስተምሩት እውነት ነው፤ ግን በዚያ አያበቃም። የአንድ የሰው ሕዋስ ዲኤንኤ ቢዘረጋ ወደ 2 ሜትር ይደርሳል፤ የሚያድረው ግን ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ገደማ በሆነ ኒውክለስ ውስጥ ነው። ከሽፋኑ በስተውስጥ ላሚን የተባሉ ፕሮቲኖች እንደ ሰሌን ተጠላልፈው ላሚና የሚባለውን መረብ ይሠራሉ፤ በሽፋኑ ላይ የተተከሉት እንደ ኤመሪንና የላሚን ቢ ተቀባይ ያሉ ፕሮቲኖች ደግሞ የታመቀውን ዲኤንኤ ወደ ጠርዝ ይዘው ያቆያሉ። በ2008 የታተመ ጥናት ፋይብሮብላስት በተባሉ የሰው አያያዥ ሕብረ ሕዋስ ሕዋሶች ውስጥ ከላሚናው ጋር የሚነካኩ ከ1,300 በላይ ሰፋፊ የዲኤንኤ ክልሎችን ለይቷል፤ በእነዚህ ክልሎች ያሉት ጂኖች በአብዛኛው ሥራ ያቆሙ ናቸው። ጠርዝ ሁሉ ግን የዝምታ ቦታ አይደለም፤ በእርሾ ሕዋሶች አንዳንድ ጂኖች ሲነቁ ወደ ሽፋኑ ቀዳዳዎች ሲጠጉ ታይቷል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጂኑ ጠርዝ ላይ ስለተቀመጠ ነው ዝም የሚለው፣ ወይስ ዝም ስላለ ነው ወደ ጠርዝ የሚሄደው?

መልስ፦ የጉዳዩ ዋና ጥያቄ ይህ ነው። ተመራማሪዎች ጂኖችን ሆን ብለው ከላሚናው ጋር ሲያስሯቸው አንዳንዶቹ ሥራቸው ቀንሷል፣ ሌሎቹ ግን እንደ ቀድሞው ቀጥለዋል። የበለጠ የሚያስደንቀኝ በሌሊት የሚንቀሳቀሱ እንስሳት፣ ለምሳሌ የአይጥ፣ የዓይን ብርሃን ተቀባይ ሕዋስ ነው፤ በዚህ ሕዋስ ውስጥ “ላሚን ኤ” የተባለው የላሚን ዓይነትም ሆነ የላሚን ቢ ተቀባይ ስለሌለ የታመቀው ዲኤንኤ ጠርዙን ለቅቆ መሃል ላይ ይከማቻል፣ ብርሃንም እንደ ሌንስ ያሳልፋል፤ ሕዋሱም ሥራውን በሚገባ ይሠራል። ስለዚህ ቦታ ብቻውን ዳኛ አይደለም፤ የተጀመረውን ዝምታ ግን ያጸናል ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ሕፃናት ያለ ዕድሜያቸው የሚያረጁበት በሽታ ከዚህ ጋር ይገናኛል? ከወላጅስ ይወረሳል?

መልስ፦ አዎን፣ ይገናኛል። ፕሮጄሪያ የሚባለው ይህ እጅግ ብርቅ በሽታ መንስኤው በ2003 “ላሚን ኤ” የተባለውን ፕሮቲን በሚያሠራው ጂን ላይ ተገኘ። አንድ የዲኤንኤ ፊደል ብቻ ይለወጣል፤ ለውጡ የሚታዘዘውን አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበትን ጡብ) እንኳ አይቀይርም፣ ነገር ግን ከጂኑ የሚቀዳው መልእክት በተሳሳተ ቦታ እንዲቆረጥ ስለሚያደርግ 50 አሚኖ አሲዶች የጎደሉት ፕሮጄሪን የተባለ ፕሮቲን ይፈጠራል። ይህ ፕሮቲን መወገድ የነበረበትን የስብ ጭራ ይዞ ስለሚቀር ከሽፋኑ ላይ አይላቀቅም፤ ኒውክለሱ ቅርጹን ያጣል፣ ከጠርዝ የተያዘው ዲኤንኤ ይላላል፣ የብዙ ጂኖች አሠራርም ይዛባል። ለውጡ ብዙውን ጊዜ በልጁ ላይ እንደ አዲስ የሚከሰት እንጂ ከወላጅ የሚወረስ ስላልሆነ፣ ማንም እናት ወይም አባት ራሱን ሊወቅስ አይገባም። ያ የስብ ጭራ እንዳይያያዝ የሚከለክለው ሎናፋርኒብ የተባለ መድኃኒት በ2020 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ዕድሜ ያራዝማል እንጂ በሽታውን አያድንም።

ጥያቄ፦ ላሚን ኤ በብዙ ሕዋሶች ውስጥ ካለ፣ ጉድለቱ ለምን ጡንቻንና ልብን ለይቶ ይጎዳል?

መልስ፦ ሁለት ማብራሪያዎች አሉ፤ ሁለቱም በአንድነት እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ጡንቻና ልብ ሁልጊዜ ስለሚኮማተሩ ኒውክለሳቸው ብርቱ ሽፋን ይሻል፤ በሌላ በኩል ጡንቻ ሲገነባ ከጠርዙ ሊላቀቁ የሚገባቸው ጂኖች በጊዜያቸው ላይላቀቁ ይችላሉ። በኤመሪን ወይም በላሚን ኤ ጉድለት የሚመጣው ኤመሪ ድራይፉስ የተባለው የጡንቻ መመንመን ባለበት ቤተሰብ፣ ድካሙ ቀላል ቢመስልም የልብ ምት መዛባት በድንገት ሊገድል ስለሚችል፣ የኤመሪን ጉድለት ተሸካሚ የሆኑ ሴቶችም ጭምር ልባቸውን በየጊዜው በሐኪም ሊያስመረምሩ ይገባል።