ተራችሁን ጠብቁ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን ለዓለም አቀፉ የፍልሰተኞች ቀን አደረሳችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የሰው ልጅ ፍልሰት፣ ትናንትና ዛሬ» ይላል። በ20 ደቂቃ! እንግዲህ ትናንትን ቶሎ ልለፈው። የእኛ ዝርያ አፍሪካ ውስጥ መኖር ከጀመረ 300,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ዛሬ ከአፍሪካ ውጭ የሚኖረው ሕዝብ የዘር ሐረጉ በአብዛኛው የሚመዘዘው ከ50,000 እስከ 70,000 ዓመት በፊት ከዚያ ከወጡ ሰዎች ነው። «ማን ቪዛ ጠየቃቸው?» ብዬ ብጨርስ ታጨበጭባላችሁ። ባለፈው ጊዜም እንደዚያው ነው የተለያየነው። ዛሬ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ሌላ ነገር አለ።

ስለ ስደት በተነሳ ቁጥር አንድ ጨዋ የሚመስል ሰው ይነሳና «መምጣታቸውን አልጠላንም፤ ግን በሕጋዊ መንገድ ይምጡ፤ ተራቸውን ይጠብቁ» ይላል። አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ «ቅድመ አያቶቼ በሕጉ መሠረት ነው የገቡት» ብሎ ይጨምርበታል።

እስቲ እንየው። ኒውዮርክ አጠገብ ያለው ኤሊስ ደሴት የፍልሰተኞች መቀበያ ሆኖ ከ1892 እስከ 1954 ድረስ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው አስተናግዷል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው የመርከብ መሳፈሪያ ካለው ቪዛ አያስፈልገውም ነበር። ሐኪሞቹ ሰዉ ደረጃ ሲወጣ ቆመው ያያሉ። የሚያለከልክ ካለ ኮቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጉበታል። ትራኮማ እንዳለበት ለማየት የዐይኑን ቆብ በብረት መንጠቆ ይገለብጡታል። ከዚያ ጥቂት ጥያቄ፣ ከዚያ በቃ። ጤነኛው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለቀቃል። የተመለሰው ሰው ከመቶ 2 ገደማ ነው። «ሕጉን አክብረው ገቡ» ይሉናል። የሚጣስ ሕግ መቼ ነበረና! ቻይናዊ ሠራተኛ ከሆንክ ግን በሩ ከ1882 ጀምሮ በሕግ ተዘግቶብሃል። በ1921 ደግሞ ለየአገሩ ኮታ መጣ፤ በ1924 ይበልጥ ጠበቀ።

አሁን ስለ ሴንት ሉዊስ መርከብ ልንገራችሁ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፤ ግን ስንናገረው ሁልጊዜ አንድ ነገር እንዘላለን።

ግንቦት 1939። ከሃምቡርግ 937 ሰዎች ተሳፈሩ። ከሞላ ጎደል ሁሉም ከናዚዎች የሚሸሹ አይሁዶች ናቸው። የምንዘለው ይሄ ነው፦ ወረቀት ነበራቸው። ኩባ ለመውረድ ገንዘብ ከፍለው ፈቃድ ወስደዋል። አብዛኞቹ ለአሜሪካ ቪዛ አመልክተው ተራቸው እስኪደርስ ኩባ ሊቆዩ ነው። ከዚህ በላይ ሕግ አክባሪ ከየት ይምጣ? መርከቡ ሊነሳ ስምንት ቀን ሲቀረው የኩባ ፕሬዚዳንት በአንድ አዋጅ ፈቃዱን ውድቅ አደረጉት። ሃቫና ሲደርሱ የገቡት 28 ብቻ ናቸው። ቀድመው የገቡ ዘመዶቻቸው በትንንሽ ጀልባ መርከቡን እየዞሩ ከታች ሆነው ስማቸውን ይጠሩ ነበር።

ካፒቴኑ ጉስታቭ ሽሮደር ወደ ፍሎሪዳ ቀዘፈ። የማያሚ መብራት ይታያቸዋል። ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቴሌግራም ላኩ፤ መልስ የለም። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ግን መልሷል። መልሱም ተራችሁን ጠብቁ፣ ቪዛ ስታገኙ ትገባላችሁ የሚል ነበር። ለጀርመንና ለኦስትሪያ የተመደበው ኮታ በዓመት 27,370 ነው፤ ሞልቷል። ወረፋው የዓመታት ነው።

ተመለሱ። ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ ተከፋፈሏቸው። በሚቀጥለው ዓመት የጀርመን ጦር ከብሪታንያ በቀር ሦስቱንም ያዘ። ከእነዚያ ተሳፋሪዎች 254 ተገደሉ። ሕጋዊ ነበሩ! ወረፋ ላይ ነበሩ!

ዛሬስ? የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 31 አደጋ ካለበት አገር በቀጥታ የመጣ ስደተኛ ያለፈቃድ ስለገባ ብቻ እንዳይቀጣ ይከለክላል፤ ሳይዘገይ ራሱን ለባለሥልጣን ያሳውቅ እንጂ። የጻፉት ሰዎች ገብቷቸዋል፤ ነፍሱን ለማዳን የሚሮጥ ሰው ማህተም አያስመታም። አሁን ግን በአብዛኞቹ ሀብታም አገሮች ጥገኝነት ለመጠየቅ መጀመሪያ መሬታቸውን መርገጥ አለብህ። ለዚህ ተብሎ የሚሰጥ ቪዛ ደግሞ እምብዛም የለም። ቪዛ የሌለውን ሰው ያሳፈረ አየር መንገድ ይቀጣል፤ ስለዚህ በሩ ላይ የሚመልስህ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ነው። የቀረህ ጀልባ ነው። ጀልባው ላይ ስትወጣ «ለምን ወረፋህን አልጠበቅክም?» ትባላለህ። የትኛውን ወረፋ? መስኮቱ የት ነው? ስንት ቁጥር ላይ ደርሷል?

ሌሎች ነጥቦች ነበሩኝ፤ ጊዜዬ እያለቀ ነው። አብዛኛው ስደተኛ ሀብታም አገር እንደማይደርስ፣ ጎረቤት አገር እንደሚቀር ታውቃላችሁ። ከትውልድ አገሩ ውጭ የሚኖረው ሰው ከዓለም ሕዝብ 4 በመቶ እንደማይሞላም እንዲሁ። ስለ ሐዋላና ስለ ባለሙያ ፍልሰት ከእኔ በኋላ የሚናገሩት ይሻላሉ።

አንድ ነገር ብቻ። ከሰዓት በኋላ የምናጸድቀውን የአቋም መግለጫ ረቂቅ አይቼዋለሁ። ሦስተኛው አንቀጽ «ፍልሰተኞች ሕጋዊ መንገድን እንዲከተሉ እናሳስባለን» ይላል። እኛው ነን የጻፍነው፤ ሌላ ማንም አይደለም። ወይ መንገዱ የቱ እንደሆነ፣ ለማን ክፍት እንደሆነ ይጻፍበት፤ ወይ ይሰረዝ። እንዳለ ከወጣ የእኔ ስም ከፈራሚዎቹ ይውጣ።

አመሰግናለሁ።