ሁለቱ ይተዋወቃሉ?

እሺ... እየቀዳሁ ነው። ዛሬ የመግቢያ ሙዚቃውን አላስገባሁትም። ባለፈው ሳምንት የት ጠፋህ ላላችሁኝ፣ ጋሽዬ ጋ ነበርኩ። የካንሰር ጨረር ሕክምናው ዛሬ 19ኛ ቀኑ ነው።

አንድ ነገር አለ ከውስጤ አልወጣ ያለኝ።

ሐኪሟ ክፍል ውስጥ ነን። ጋሽዬ መሃል፣ እኔና እትዬ ግራና ቀኝ። ሐኪሟ ወረቀት ላይ አንገትና ደረት ሳለች። አንድ ነጥብ ማንቁርቱ ጋ። ሌላ ነጥብ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ የምግብ ቱቦው ላይ። ሁለት ካንሰር፣ ባንድ ጊዜ። ጋሽዬ ወረቀቱን ትክ ብሎ አየና «ሁለቱ ይተዋወቃሉ?» አላት።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው» አለችው። አንዱ ከሌላው ተሰራጭቶ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ለየብቻ የበቀሉ ከሆኑ ግን ሁለቱንም ለማዳን ይሞከራል። የሱ ለየብቻ ነው። ሲጋራውና አረቄው ከአፍ ጀምሮ መንገዱን ሁሉ ስለነካው፣ አንድ ማሳ ላይ ሁለት ቦታ አረም እንደወጣ ቁጠሩት አለችን። ጉሮሮው ላይ ሲያገኙበት ኢንዶስኮፒውን፣ ያን ካሜራ ያለበትን ቀጭን ቱቦ፣ እስከ ታች ያወረዱት ለዚህ ነበር ለካ።

ደግሞ ጋሽዬ የአርሲ ልጅ ነው። እዚያና ባሌ የምግብ ቱቦ ካንሰር በብዛት ይታያል። ከእሳት እንደወረደ የሚበላ ገንፎ፣ የሚፋጅ ሻይ... በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ተቋም ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ መጠጥን ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መድቦታል። እኔ አሁን ሻይ ሲቀዳልኝ ዝም ብዬ እያየሁት ይቀዘቅዛል። ወዴት ሄድኩ... እሺ።

ምርጫውን ነገረችን። አንዱ ቀዶ ጥገና ነው። ማንቁርቱም የምግብ ቱቦውም ይወጣና ጨጓራው ወደ ላይ ተስቦ አንገት ጋ ይሰፋል፤ ትንፋሽ አንገት ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ይሆናል፣ የድሮው ድምፅ አይኖርም። ሌላው ጨረር ከኬሞ ጋር፣ 7 ሳምንት፣ 35 ጊዜ። ለላይኛው 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው)፣ ለታችኛው 50 ገደማ። ከባዱ መሃሉ ነው፣ ሁለቱ ጨረሮች የሚገናኙበት ቦታ፤ እዚያ ከተደራረቡ ህብለ ሰረሰሩ ሊጎዳ ይችላል፣ ሳንባውም አለ።

«እርስዎ የትኛውን ይመርጣሉ?» አለችው።

እና እኔ ቀደምኩት። «ድምፁ ይቅርብን፣ ዋናው እሱ ነው» አልኩ።

ይቅርብን። ለማን ነው የሚቀረው? 30 ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ ጥሩምባ ነፍቶ፣ እከሌ አርፏል ብሎ ሰፈሩን ሲጠራ የኖረ ሰው ድምፅ ነው። ጋሽዬ ምንም አላለም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። እትዬ አየችኝ። ያ ነው፣ እሱን ነው ደጋግሜ የማየው፣ ሲያጥፈው።

ሐኪሞቹ ተሰብስበው ጨረርና ኬሞን መረጡ። ክብደቱ በጣም ወርዶ ስለነበር ቀዶ ጥገናውን አይችለውም አሉ። ስለዚህ የኔ ቃል ምንም አልለወጠም። ይሄን ለራሴ እነግረዋለሁ። ግን ሰምቶታል እኮ።

አሁን ጉሮሮው ተቃጥሏል፣ ምራቅ መዋጥ ራሱ ያመዋል። የሚመገበው ሆዱ ላይ በገባው ቱቦ ነው። ሲፈልግ ደብተር ላይ ይጽፋል። ትናንት እየመገብኩት «ጥሩምባውን አሰማኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ያለው የሱ ጥሩምባ ያለበትን የዚህን ፖድካስት ክፍል ነው፣ የቱን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማና ደብተሩን አነሳ... ከዚያ ሳይጽፍ መልሶ አስቀመጠው።

ምን ሊል ነበር? ምናልባት ውሃ ሊጠይቅ ነው። ምናልባት እኔ ነኝ የማበዛው።

ነገ 20ኛው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እወስደዋለሁ። መኪና ውስጥ ልጠይቀው አስቤ ነበር፣ ግን እሱ የሚመልሰው በጽሑፍ ነው፣ እኔ ደግሞ እየነዳሁ...