ስሟ ውስጥ ዶሮ ያለባት ጭልፊት እና የእንግሊዞች አደን

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ልጅ ሆናችሁ "ጫጩት ጠብቅ" ተብላችሁ ግቢ የተቀመጣችሁ ካላችሁ ይቺ ቪዲዮ የናንተ ናት። ጭልፊት ከላይ ስታንዣብብ እናት ዶሮ ድምጿን ትቀይራለች፣ ጫጩቶቹ ክንፏ ስር ይሸጎጣሉ፣ እኛ ደግሞ ድንጋይ ይዘን መጮህ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ብሪታንያ ውስጥ ስላለች የጭልፊት ዘመድ ነው፣ ሄን ሃሪየር ይሏታል፣ "ሄን" ማለት ያው ዶሮ ነው፣ ስሙ የወጣላት ድሮ የገበሬ ዶሮ ስለምትነጥቅ ነው። አሁን ግን ጠቧ ከገበሬ ጋር ሳይሆን ጠመንጃ ይዘው ለመዝናናት ከሚመጡ ሀብታሞች ጋር ነው።

(ምስል፦ ወይን ጠጅ አበባ የለበሰ ኮረብታ)

ይሄ የምታዩት ቁጥቋጦ ሄዘር ይባላል። ስሜን ወይ ባሌ የወጣ ሰው አስታን ያውቀዋል አይደል፣ የሱ ዘመድ ነው፣ ግን አጭር ነው፣ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። እዚህ ውስጥ ሬድ ግራውስ የምትባል እንደኛ ቆቅ ድብልብል ያለች ወፍ ትኖራለች፣ ዋና ምግቧም የሄዘሩ ለጋ ቀንበጥ ነው፣ ስለዚህ የመሬቱ ባለቤቶች ሄዘሩን በየተራ ቁራጭ ቁራጭ እያደረጉ ያቃጥሉታል፣ ለጋው እንዲወጣ። ባሌ ላይ ከብት አርቢዎች ለግጦሽ ብለው አስታ እንደሚያቃጥሉት ማለት ነው።

አደኑ ኦገስት 12 ይከፈትና ዲሴምበር 10 ይዘጋል፣ ህጉ የፈረንጆቹ 1831 ነው። ጭቅጭቁ ያለው ደግሞ በአንድ አይነት አደን ላይ ነው፦ ሰዎች ባንዲራ እያውለበለቡ በሰልፍ ከወዲያ ይመጣሉ፣ ወፎቹ ደንግጠው በመንጋ ይነሳሉ፣ ተኳሾቹ ከወዲህ ምሽግ ውስጥ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ለዚህች አንድ ቀን አንድ ተኳሽ በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይከፍላል። ይሄን ሁሉ የከፈለ ሰው አስር ወፍ አይቶ ቢመለስ ምን እንደሚል አስቡት! ግራውስ ደግሞ እንደ ዶሮ ቤት ውስጥ ተፈልፍሎ የሚለቀቅ አይደለም፣ እዛው ዱር ነው የሚራባው። ስለዚህ ቁጥሩን ለማብዛት አንዱ መንገድ የሚበላውን መቀነስ ነው፣ ቀበሮና ቁራ መግደል በህግ ይቻላል፣ ሃሪየርን መግደል ግን ወንጀል ነው፣ ከ1954 ጀምሮ።

ወንጀል ነው፣ ግን ማን ያያል? ሰው የሌለበት ኮረብታ ላይ። በፈረንጆቹ 2019 የወጣ አንድ ጥናት 58 ሃሪየሮች ላይ የሳተላይት መከታተያ ታስሮ የተሰራ ነው፣ 72 በመቶ የሚሆኑት በህገወጥ መንገድ መገደላቸው የተረጋገጠ ወይ በጣም የሚጠረጠር ሆኖ ተገኘ፣ የግራውስ አደን መሬት ላይ ሲሆኑ ደግሞ የመሞት ወይ የመጥፋት እድላቸው ከሌላ ቦታ አስር እጥፍ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥም መከታተያ ከታሰረላቸው 131 ንስሮች 41ዱ በሚያጠራጥር ሁኔታ ድምፃቸው ጠፍቷል። መሳሪያው ተበላሽቶ ነው እንዳንል ጥሩ ሲሰራ ቆይቶ ድንገት ጭጭ ነው የሚለው። በ2013 እንግሊዝ ውስጥ ለመራባት የሞከሩት ሃሪየሮች ሁለት ጥንድ ብቻ ነበሩ፣ ሁለቱም አልተሳካላቸውም፣ አገር ሙሉ አንድ ጫጩት የለም።

እዚህ ላይ "በቃ አዳኞቹ ክፉ ናቸው" ብለን ብንዘጋው ይቀለን ነበር። ግን ላንግሆልም የሚባል ቦታ አለ፣ ደቡብ ስኮትላንድ፣ ከእንግሊዝ ድንበር አጠገብ። ከ1992 እስከ 1997 እዛ ሃሪየርን ማንም እንዳይነካት ተደርጎ ተጠና። ከ2 ጥንድ ተነስተው 20 ደረሱ፣ ግራውሱን በሉት በሉትና አደኑ አላዋጣ ብሎ ቆመ። ማለትም የአዳኞቹ ስጋት ውሸት አልነበረም። ቀጥሎ ያለው ነው የሚገርመው፣ አደኑ ሲቆም ቀበሮ የሚያድኑት የመሬቱ ጠባቂዎችም ሄዱ፣ ሃሪየር ደግሞ ጎጆዋን የምትሰራው መሬት ላይ ነው፣ ቀበሮው በዛ፣ እሷም መልሳ ተመናመነች። ከርሉ የምትባል መንቁሯ እንደ ማጭድ የቆለመመ ወፍም አለች፣ እሷም ቀበሮና ቁራ በሚታደንበት መሬት ላይ ብዙ ጫጩት ታሳድጋለች። አዳኞቹ ይሄን ነው የሚያነሱት፣ እኔም ይሄን ነጥብ እሰጣቸዋለሁ።

በ2008 እዛው ላንግሆልም ሌላ ሙከራ ተጀመረ። ጠባቂዎቹ ተመለሱ፣ ለሃሪየሮቹ ደግሞ ጎጆ አጠገብ ምግብ ይቀመጥላቸዋል፣ አይጥ እና... የዶሮ ጫጩት! እኛ በድንጋይ የምናባርርበትን እነሱ በሰሃን አቀረቡላት። ሰራም፣ የግራውስ ጫጩት መውሰዷን በጣም ቀነሰች፣ ቁጥሯም አገገመ። ግን ግራውሱ ያንን በመንጋ የሚነዳ አደን የሚያስጀምር ያህል አልበዛም። ለኔ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፣ ሃሪየርና ግራውስ አብረው መኖር ይችላሉ፣ አብሮ መኖር ያቃተው በቀን ብዙ መቶ ወፍ ካልተገደለ አያዋጣም የሚለው ቢዝነስ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ይሄ በመንጋ የሚነዳ አደን ይከልከል የሚል ፔቲሽን በ2016 ከ100 ሺህ በላይ ፊርማ አግኝቶ ፓርላማ ውስጥ ክርክር ተደርጎበታል፣ በ2025ም እንደገና፣ መንግስት ሁለቱንም ጊዜ እምቢ ብሏል። ስኮትላንድ ግን በ2024 ህግ አወጣች፣ ግራውስ የሚታደንበት መሬት ፈቃድ ይኑረው የሚል። ሃሪየር የሚገድለውን ሰው እጅ ከፍንጅ መያዝ ከባድ ስለሆነ ነገሩን ወደ መሬቱ ባለቤት አዞሩት፣ መሬትህ ላይ እንዲህ አይነት ወንጀል ተፈጽሟል ከተባለ ፈቃድህ ሊታገድ ይችላል፣ የግድ ፍርድ ቤት ሰው እስኪፈርድበት አይጠበቅም። ባለቤቶቹ ያለ ማስረጃ ልንቀጣ ነው ብለው ተቆጥተዋል፣ ሰው ሌላ ቦታ የገደለውን ወፍ እኛ መሬት ላይ ቢጥልብንስ ይላሉ፣ እና ይሄ ዝም ብሎ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም።

(ምስል፦ ላንግሆልም፣ ጸደይ)

ላንግሆልምስ? በ2021 የከተማዋ ሰዎች ገንዘብ አሰባስበው ከመሬቱ ከ5,000 ኤከር በላይ ገዙ፣ በቀጣዩ አመት ደግሞ ሌላ ጨመሩበት። አሁን ታራስ ቫሊ የሚባል የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ነው። ጸደይ ሲመጣ ወንዱ ሃሪየር ሽቅብ ይወጣና እየተገለባበጠ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሴቷን ለማማለል፣ ከታች ያለው ሰው ካሜራ ነው የያዘው።