አፍንጫው ነው ካሜራው?
የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የሐሙሱ ርዕሳችን ወጣት ሴቶችና የውበት ቀዶ ሕክምና ነበር። ስልኩ አላረፈም። ለሦስቱ ጥያቄዎች የሥነ ልቦና ባለሙያዋ እንግዳችን የሰጠችውን መልስ እነሆ። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከጅማ ኮቺ ሰፈር፣ የ21 ዓመት ተማሪ፦ ሰልፊ ስነሳ አፍንጫዬ ፊቴን ሞልቶት ይታየኛል። መስታወት ላይ ግን እንደዛ አይደለም። የቱን ልመን? ለማሠራት ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሬያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስልክሽን ለጓደኛሽ ስጪያት። ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ፣ ዙም አድርጋ ታንሳሽ። ከሰልፊሽ ጋር አስተያዪው። ካሜራ ሲጠጋ የቀረበውን ያገዝፋል፤ ፊት ላይ ደግሞ ቀድሞ የሚደርሰው አፍንጫ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ2018 የታተመ ስሌት፣ ከ30 ሳንቲሜትር የተነሳ ፎቶ ከ1.5 ሜትር ከተነሳው ይልቅ አፍንጫን 30 በመቶ ገደማ አስፍቶ ያሳያል ይላል። እና ገንዘብ የምታጠራቅሚው ሌንሱ የሠራውን አፍንጫ ለማስቆረጥ እንዳይሆን።

ፊልተሩም አለ። አፍንጫ ያቀጥናል፣ ከንፈር ይሞላል። ስታጠፊው የገዛ ፊትሽ ጉድለት ይመስልሻል። ድሮ ሐኪም ጋ የሚኬደው የታዋቂ ሰው ፎቶ ተይዞ ነበር፤ ዛሬ የራሳቸውን በፊልተር የተሠራ ፎቶ ይዘው የሚሄዱ አሉ።

ግን ሁሉን በስልክ አላሳብብም። ሊያማክሩኝ የሚመጡትን «መቼ ጀመረሽ?» ስላቸው ብዙዎቹ ቲክቶክን አያነሱም። ቡና ላይ የተባለ ነገር ነው የሚያነሱት። አንዷ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሲኒ እያዞረች ሳለ አክስቷ «ዓይኗስ የእናቷ ነው፣ አፍንጫውን ከየት አመጣችው?» አሉ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ልጅቷም አብራ ሳቀች። ከዛን ቀን ወዲህ ስትስቅ አፍንጫዋን በእጇ ትሸፍናለች፤ እኔ ፊት ተቀምጣም ሸፈነች። ስናሞግስ «ሰልካካ»፣ ስንሳደብ «ደፍጣጣ» የምንል ሰዎች ነን፤ ልጆቹ ይሰማሉ።

ከጅሬን፣ የ19 ዓመት ልጅ እናት፦ ልጄ ከንፈሬን ካላስሞላሁ ብላ አስቸገረችኝ። ምን ጎደላት? ጤነኛ ናት? እኛ አላህ የሰጠንን ይዘን ነው የኖርነው።

መልስ፦ እናቴ፣ አይቆጡኝና ድድዎን አልተነቀሱም? (ሳቁ፤ ተነቅሰዋል።) በመርፌና በጥላሸት፣ ያለ ማደንዘዣ፣ ጥርስ ነጭ ሆኖ እንዲታይ። ዛሬ የአንገት ንቅሳታቸውን በሌዘር የሚያስጠፉ እናቶች አሉ። ጭንቀቱ አዲስ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 እንደጻፈው ሰው ራሱን የሚለካው ከሌላው ጋር እያስተያየ ነው። እርስዎ የተለኩት ከጎረቤት ልጅ ጋር ነው። የእርስዎ ልጅ ግን ጠዋት ከአልጋ ሳትወርድ ከመቶ ሴት ጋር ትለካለች፤ መቶዋም ተመርጠው፣ ተኳኩለው፣ ተስተካክለው የቀረቡ ናቸው።

ለመዋብ መፈለግ በሽታ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ስለ ከንፈሯ ብቻ የምታስብ ከሆነ፣ በእሱ ምክንያት ሠርግ የምትቀር ከሆነ፣ ማንም የማያየውን ጉድለት «አለ» ብላ የምትከራከር ከሆነ ነው። ይህ ሕመም ነው፤ ጣሊያናዊው ሐኪም ኤንሪኮ ሞርሴሊ በ1891 ገልጾታል። ከመቶ ሰው ሁለቱን ገደማ ይይዛል። ለእነዚህ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ አይበጅም፤ አፍንጫው ሲስተካከል ጭንቀቱ ወደ አገጭ ይሻገራል። የሚረዳቸው የንግግር ሕክምና ነው፣ ሲያስፈልግም መድኃኒት። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታላችን የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

እና «ምን ጎደለሽ?» አይበሏት፤ ቁጭ ብላ ትዘረዝርልዎታለች። «ማን ምን አለሽ?» ይበሏት።

ከመንደራ፣ በጽሑፍ፦ ጓደኛዬ መቀመጫዋን ለማስተለቅ ውጭ አገር ልትሄድ ነው። አደጋ አለው?

መልስ፦ አለው። ከሆድ የተቀዳው ስብ መቀመጫ ላይ ሲወጋ ትልቅ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ወደ ሳንባ ሄዶ ይገድላል። በ2017 የወጣ የሐኪሞች ግምት ከ3,000 ሰው አንድ ነበር፤ ለውበት ተብሎ ለሚሠራ ሥራ በጣም ብዙ ነው። ስቡ ከጡንቻ በላይ ብቻ እንደሚወጋ ሐኪሙን ትጠይቅ። ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ደግሞ አንቺ ጠይቂያት። ፍቅረኛዋ ከሆነ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልገናል።

ልንዘጋ ስንል የኮቺዋ ተማሪ መልእክት ላከች፦ «ጓደኛዬ አነሳችኝ። አፍንጫዬ እውነትም አነሰ። ግን ጆሮዬ እንዲህ ትልቅ ነበር እንዴ?»