ቮልቱን ከፍ አድርግልኝ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ጅማ ነኝ፣ እንደተለመደው ከጋራዤ ጀርባ ካለችው ክፍል። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ከጮኸባችሁ ይቅርታ፤ የጅማ ዝናብ ቀጠሮ አያውቅም።

ዛሬ ስለ ቮልት ነው የማወራው። አትሽሹ! ትምህርት ልሰጣችሁ አይደለም። ሰሞኑን ሥራ ላይ ሆኜ ሳሰላስለው የከረምኩት ነገር አለ።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ከ2016 ጀምሮ ማለት ነው፣ ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ጥያቄ ተቀይሯል። ድሮ "ስንት ሲሲ ነው?" ነበር። አሁን "ስንት ቮልት ነው?" ሆኗል። ወዲያው ደግሞ "ከፍ ማድረግ አይቻልም?" ይከተላል። ቁጥር እንወዳለን መቼም። ስልክ ስንገዛም የካሜራውን ቁጥር ነው መጀመሪያ የምናየው።

ወደ ጅሬን በሚወስደው አቀበት ላይ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው አንድ ጋሼ አሉ። ያገለገለች ጎልፍ ካርት፣ ያቺን በባትሪ የምትሄደውን ትንሽ መኪና፣ ገዝተዋል። ሻንጣ ያመላልሱባታል፣ እንግዶቻቸውን ደግሞ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያወጡባታል። መጡና "ልጄ፣ ባጃጅ ሁሉ እየቀደመኝ ነው፤ ቮልቱን ከፍ አድርግልኝ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ያስቸገረዎት ሜዳው ነው አቀበቱ?"

"አቀበቱ ነዋ! ሜዳ የት አለ እዚህ?"

ይቺ መልስ ወሳኝ ናት። ሞተር ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚወስነው በዋናነት ቮልት ነው። ምን ያህል እንደሚገፋ የሚወስነው ግን አምፕ ነው። ለእኛ ለጅማዎች ምሳሌው ሩቅ አይደለም። የግልገል ጊቤ ውሃ መጀመሪያ ጊቤ አንድ ላይ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ከዚያ ያው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ተጉዞ፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ሲወርድ ጊቤ ሁለት ላይ 420 ሜጋ ዋት መስጠት ይችላል። ውሃው ያው ነው፤ የበለጠው የወረደበት ከፍታ ነው። ቮልት ከፍታው ነው፣ አምፕ ውሃው ነው። አቀበት ላይ ለሚያለከልክ ሰው ከፍታ ብቻ ብትጨምርለት፣ ውሃው ከደረቀ ምን ይፈይዳል?

ወንበሩን አነሳሁት። ባለ 6 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ስድስት ተደርድሯል፣ በድምሩ 36 ቮልት። አንደኛው ተርሚናል ላይ አረንጓዴና ነጭ ዱቄት አብቧል። ቆማ ሳለች ቴስተር ስታስነካ ሁሉም ደህና ነው የሚመስለው። እሳቸው እየነዱ እኔ ከኋላ ተቀምጬ አቀበቱን ስንጀምር ግን ያ ዱቄት ያበበበት ባትሪ ከ5 ቮልት በታች ወረደ። አምስቱ ሲጎትቱ እሱ ሸክም ሆኖባቸዋል።

እሺ፣ ለምን ተጎዳ? እዚህ ላይ ነው ደስ ያለኝ። ቻርጀሩ የአሜሪካ ነው፣ 110 ቮልት። ጋሼ ይህን ያውቃሉ፤ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝተውለታል። ቮልቱ ተስተካከለ፣ ሁሉም ተረጋጋ። ግን ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ሌላ ጽሑፍ አለ፤ 60 ኸርዝ ይላል፤ መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ማለት ነው። የእኛ መብራት 50 ነው። ያ ዓይነቱ የድሮ ከባድ ቻርጀር ደግሞ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ለ60 ኸርዝ ተብሎ የተቃኘ ነው። 50 ሲሰጡት የሚያወጣው ቮልት ይወርዳል። መብራቱ በርቶ፣ ድምፁን እያሰማ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሠራ ይመስላል፤ ባትሪዎቹ ግን አይሞሉም። ሳይሞላ የሚውል የሊድ ባትሪ ደግሞ ሰሌዳው ላይ ሰልፌት ይጠነክርበትና ቀስ በቀስ ይሞታል።

ስለዚህ "ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ትክክለኛ ቻርጀርና አንድ ባትሪ ይበቃዎታል" አልኳቸው። ገቢዬን በገዛ እጄ ስቀንስ ማለት ነው። እሳቸው ግን ወስነዋል፤ ልጃቸው 48 ጥሩ ነው ብሏቸዋል። ልጅ ካለ አለቀ።

ሥራው ሲጀመር ግን ሰው የማያስበው ነገር ይመጣል። ቮልት ስትቀይር ባትሪ ብቻ አይደለም የምትቀይረው። የነበረው ኮንትሮለር፣ ለሞተሩ ኃይል የሚመጥነው ማለት ነው፣ 36 ብቻ ይላል፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት፣ ለዚያ የተመረጡ ናቸው፤ 48 ሲመጣባቸው ሊፈነዱ ይችላሉ። ሶሌኖይዱ፣ ዋናውን መስመር የሚያገናኘውና የሚቆርጠው፣ ጥቅልሉ ለ36 ነው። ቻርጀሩን አውቀነዋል። የፊት መብራቱ 12 ቮልት ነው፤ ከሁለት ባትሪ ቀጥታ ተስቦ ነበር፣ ያ ደግሞ እነዚያን ሁለቱን ከሌሎቹ ለይቶ ያደክማል። ለመብራቱ የራሱ ቮልት መቀነሻ ገባለት።

ባትሪውን ሊቲየም አይረን ፎስፌት አደረግነው። እያንዳንዱ ሴል 3.2 ቮልት ነው፤ 16ቱ ሲቀጣጠሉ 51.2 ይሆናል። ሰው 48 ይበለው እንጂ ሲሞላ 58.4 ይደርሳል። ክብደቱ ከ170 ኪሎ ገደማ ወደ 50 ኪሎ ወረደ። ለአቀበት ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ይህ ዓይነት ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ጅማ ላይ ግን ይሄ ሐሳብ አይደለም።

አንዲት ትንሽ ነገር ልንገራችሁ። ሶሌኖይዱ መስመሩን ሲያገናኝ ባዶዎቹ ካፓሲተሮች በአንድ ጊዜ ይጎርሳሉ፤ ብልጭታው የሶሌኖይዱን መገናኛ ይበላዋል። ለዚህ ነው ሶሌኖይዱ ላይ አንዲት ሬዚስተር የምትታሰረው፤ ካፓሲተሩን ቀድማ ቀስ አድርጋ ትሞላዋለች። ዋጋዋ ከማኪያቶ አይበልጥም፤ እሷን የሚዘል ባለሙያ ግን ስንት አለ! ደግሞ እናንተም እቤታችሁ የምትነካኩ ካላችሁ ቀለበታችሁን አውልቁ፣ የብሎን መፍቻ ቁልፉን እጀታው ድረስ በናስትሮ ጠቅልሉት። 48 ቮልት አይነዝርም ብለው የሚንቁት አሉ። መንዘሩን ተዉት፤ ቁልፉ ሁለቱን ተርሚናል አንድ ላይ ከነካ ብረት ያቀልጣል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፍሬን።

ከ36 ወደ 48 ስንወጣ ፍጥነቷ በአንድ ሦስተኛ ሊጨምር ይችላል። ደስ ይላል፣ አይደል? ግን ፍሬኑ የሚያቆመው ጉልበት በፍጥነቱ ልክ አይደለም የሚያድገው፤ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው። አንድ ሦስተኛ ስትፈጥን ፍሬኑ ላይ የሚመጣው 78 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጎልፍ ካርት ደግሞ የተሠራችው ለሣር ሜዳ ነው፤ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይቺኛዋ ፍሬኗ የኋላ እግር ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ሞተሮች ቁልቁለት ላይ ይይዛሉ፣ ኃይሉንም ወደ ባትሪ ይመልሳሉ። የእሷ ግን ሲሪስ የሚባለው ዓይነት ሞተር ነው፤ እግርህን ስታነሳ ዝም ብሎ ይለቃል። አስቡት፤ ከጅሬን ቁልቁል፣ አስፋልቱ ረጥቧል፣ ከኋላ ሁለት እንግዳ ተቀምጧል።

ጎማውን አውልቄ የፍሬን ሸራውን አሳየኋቸው። ጥፍር አክሏል። "ፍሬኑ ምን አገባው? እኔ የጠየቅኩህ ቮልት ነው" አሉኝ። እሺ ብዬ ሸራውን ቀየርኩ። ኮንትሮለሩን ደግሞ በኮምፒውተር ገባሁና ላይኛውን ፍጥነት ድሮ የነበረበት ላይ ገደብኩት፤ አምፑን ግን ለቀቅ አደረግኩለት። ነገርኳቸውም፣ በድብቅ አላደረግኩትም። "ታዲያ 48ቱ ምን ሊሠራ ነው?" አሉ።

ይቺ ጥያቄያቸው ናት ይዛኝ የከረመችው። 7.2 ኪሎ ዋት ለማውጣት በ36 ቮልት 200 አምፕ ትስባለህ። በ48 ግን 150 ይበቃል። ኬብል የሚሞቀው በአምፑ ካሬ ነው፤ ስለዚህ ከባትሪ እስከ ኮንትሮለር ያለው ሽቦ ላይ የሚባክነው ከድሮው 56 በመቶው ብቻ ይሆናል። ከህዳሴ ግድብ የሚመጣው መስመር 500 ሺህ ቮልት የሆነውም ለዚሁ ነው፤ መንገድ ላይ እንዳይባክን። ለፍጥነት ብሎ ማንም አልሰቀለውም።

ግን ይሄ አይታይም። ማንም ኬብል ነክቶ "ቀዝቅዟል፣ ተባረክ" ብሎኝ አያውቅም። ባጃጅ ከቀደመ ግን ሰፈር ያወራልኛል፣ ደንበኛም ይመጣልኛል። አልዋሽም፣ ገደቡን ላንሳላቸው እንዴ ብዬ አስቤያለሁ። በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው። ሥራዬ ስለማይታይ ቅር ይለኛል፤ ቅር ቢለኝም ገደቡን አላነሳም። እሳቸውም ሲያኮርፉ ሰንብተው ነበር። አቀበቱን እንደ ሜዳ መውጣቷ አንዴም ከአፋቸው አልወጣም።

ያስታረቀን ሌላ ነገር ነው። ከአሮጌዎቹ ባትሪዎች አራቱን በትክክለኛ ቻርጀር ደጋግሜ ስሞላቸው ነፍስ ዘሩ። ሁለት ሁለቱን አያይዤ 12 ቮልት አደረግኩና ኢንቨርተር ላይ ሰካሁላቸው። አሁን መብራት ሲጠፋ የማረፊያው አምፖልና ዋይፋይ አይቋረጥም። ለመጣው እንግዳ ሁሉ የሚያሳዩት ያንን ነው። ጎልፍ ካርቷን ረስተዋታል።

በሉ፣ የአሜሪካ ቻርጀር ያላችሁ ሰዎች ጀርባውን ገልብጣችሁ ኸርዙን እዩልኝ። ሳምንት እንገናኝ፣ ቻው።