የዩኒቨርሲቲው ታርጋ፣ የማዕከሉ ታፔላ፦ ከግቢ ውጭ የሚሰጥ ትምህርትን ማን ያየዋል?

[ምስል፦ የሐረጎ ዳገት፣ ማለዳ። ጭጋግ ውስጥ ሚኒባስ ቁልቁል ሲወርድ።]

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ! እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ያለሁት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ነው። ከኋላዬ ይሰማችኋል? "ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው ደሴ!" በዚህ ድምፅ ነው ዛሬ የምንማረው። ቆይታችሁ ስሙኝ፣ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ጥያቄው ይህ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ ከግቢው ወጥቶ ሌላ ከተማ ላይ ሲያስተምር ማን ያየዋል? በርቀት ሊሆን ይችላል። በቅዳሜና እሁድ ሊሆን ይችላል። በክረምት ሊሆን ይችላል። ማን ያየዋል?

ይህን ያነሳሁት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። ፈቃዷን ጠይቄያታለሁ፣ ስሟን አልጠራም። ቦታውንም አልጠራም። ሥራዋን እየሠራች፣ ልጇን እያሳደገች፣ ሦስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ተማረች። ክፍሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፣ ለቅዳሜ የተከራየ። አንድ ቀን ሞጁሏን ላደርስላት ሄጄ አይቻለሁ። ዴስኩ የአራተኛ ክፍል ልጆች ነው። ጉልበቷ ከሥር አይገባም። ስለዚህ ወደ ጎን ዞራ ተቀምጣ፣ ሞጁሉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትጽፋለች። ሰሌዳው ላይ የዓርብ ማባዣ ሰንጠረዥ አልጠፋም። ከማባዣው አጠገብ አስተማሪው ስለ ሂሳብ መዝገብ አያያዝ ይጽፋል።

በኋላ ለደረጃ ዕድገት ስታመለክት መሥሪያ ቤቷ ማስረጃዋን ለማጣራት ላከ። መልሱ መጣ። "ይህን ማዕከል አናውቀውም።" በቃ። አንድ መስመር። ደረሰኞቿን በፌስታል ይዛ መጣች። አንድም አልጣለችም፣ ሁሉም አሉ። አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋናቸው። በሩ ላይ በትልቁ የተጻፈው የመንግሥት ተቋም ስም ነበር። ደረሰኙ ላይ ያለው ማህተም ግን የአንድ የግለሰብ ድርጅት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ማህተሙን ያነበበ ሰው የለም። እኔም አላነበብኩትም።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህ ቪዲዮ የመጣው ከዚያ ነው።

[ምስል፦ የሚኒባስ ታርጋ፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ ያለው ታፔላ፣ ከዚያ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ቦሎ።]

እሺ፣ ወደ ሚኒባሳችን። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፣ ሐረጎ ላይ ጆሮ ይዘጋል። ቀላል መንገድ አይደለም። ስለዚህ መኪናው ላይ ሦስት ነገር እንፈልጋለን። ታርጋ፣ ታፔላ፣ ቦሎ። ልድገመው፦ ታርጋ፣ ታፔላ፣ ቦሎ።

ታርጋ ማለት "ይህ መኪና አለ፣ ተመዝግቧል፣ ባለቤቱ ይታወቃል" ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲም ታርጋ አለው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚቋቋመው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ታርጋ አለው። በዚህ ማንም አይከራከርም።

ታፔላ ሌላ ነው። ታፔላ "ይህ መኪና ከዚህ እዚህ ይሠራል" ይላል። ታርጋ ያለው መኪና ሁሉ ያሻው መስመር ላይ አይሠራም። የሐርቡን ስምሪት የያዘ ሹፌር ደሴ ብሎ ቢጭን ተራ አስከባሪው ዝም ይለዋል? አይለውም! መኪናው አንድ ነው፣ ሹፌሩ አንድ ነው፣ ታርጋውም አንድ ነው። መስመሩ ግን የሱ አይደለም። ትምህርትም እንዲሁ ነው። አንድ ተቋም አካውንቲንግን ደሴ ላይ በመደበኛ ያስተምራል ማለት ሌላ ከተማ ላይ በርቀት ያስተምራል ማለት አይደለም። ከተማው ተለወጠ፣ የአሰጣጥ ዘዴው ተለወጠ፣ ታፔላውም መለወጥ አለበት።

ቦሎ ደግሞ "ፍሬኑ ታይቷል፣ ጎማው ታይቷል" ማለት ነው። አንዴ ታይቶ የሚቀር ሳይሆን በየዓመቱ የሚታይ። ትርፍ የጫነ መኪና ሐረጎን ሲወጣ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያቃስታል። ማዕከልም ትርፍ ይጭናል። ለአርባ ሰው በሚበቃ ክፍል መቶ ሰው፣ ለመቶ ሰው አንድ አስተማሪ፣ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ጭራሽ የለም። ይህን ሄዶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ቢሮ ተቀምጦ ወረቀት ማገላበጥ አይበቃም፤ ሄዶ ማየት።

በነገራችን ላይ ይህን ቻናል ገና ካልተቀላቀላችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኑ። ሊመዘገብ ያሰበ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ደግሞ ሳይከፍሉ በፊት ላኩላቸው። ሳይከፍሉ በፊት!

አሁን ሕጉን በፍጥነት። አሁን የሚሠራው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው፣ ከሱ በፊት የነበረው 650/2001። ጥራትን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት በ1995 የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ተብሎ ተቋቋመ። በ2014 በደንብ ቁጥር 515 የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሆነ። ለግል ተቋም የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው በካምፓስ፣ በፕሮግራምና በአሰጣጥ ዘዴ ተለይቶ ነው። ታፔላ አላልኳችሁም? ይኸው። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን ለብዙ ዓመታት ነገሩ ሌላ ነበር። የመንግሥቱ በደንብ ተቋቁሟልና የዕውቅና ፈቃድ አይጠየቅም ነበር። ፕሮግራሙን የራሱ ሴኔት፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ጉባኤ፣ ያጸድቃል፣ ከውጭ የሚመጣው የጥራት ኦዲት ነው። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆችና ፖሊቴክኒኮች ደግሞ፣ እንደ ደሴዎቹ፣ በክልሉ ሥር ናቸው።

ገባችሁ? ለግሉ ታፔላ በየመስመሩ። ለመንግሥቱ ታርጋው እንደ ታፔላም ሲቆጠር ኖረ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

[ምስል፦ ስልክ ላይ የተመልካቾች መልእክት።]

እዚህ ላይ ማቆም አለብኝ። ባለፈው ሳምንት ስለ ርቀት ትምህርት ትንሽ ጠቆም ሳደርግ የመልእክት ሳጥኔ ሞላ። ግማሹ አንድ ዓይነት ነው፦ "ወንድሜ፣ የርቀት ተማሪ የመውጫ ፈተና አይመለከተውም፣ እሱ የግቢ ተማሪ ነው።" ሌላው ደግሞ፦ "የመንግሥት ማዕከል ነው፣ መውጫ ፈተና ለግሎቹ ነው።"

አይደለም። ወገኖቼ፣ አይደለም! ይህን ያመነ ሰው ዓመታቱን በከንቱ ያጠፋል፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልናገር። የመውጫ ፈተና በሁሉም የትምህርት ዘርፍ የተጀመረው በ2015 ነው፣ የመጀመሪያው ዙር ሐምሌ ላይ ተሰጠ። የመጀመሪያ ዲግሪ የሚመረቅ ሁሉ ይፈተናል። የመንግሥት ቢሆን፣ የግል ቢሆን። ቀን ተማረ፣ ማታ ተማረ፣ በርቀት ተማረ፣ ፈተናው አንድ ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ሳያልፉ ዲግሪ የለም።

የመጀመሪያውን ዙር ውጤት ልንገራችሁ። 150,184 ሰው ተፈተነ። ያለፈው 61,054 ነው። 40 በመቶ ገደማ። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ ሲያልፍ፣ ከግሎቹ 17 በመቶ ገደማ ብቻ አለፈ። አንዳንዶቻችሁ ይህን አይታችሁ "አየህ፣ የመንግሥቱ ይሻላል" ብላችሁኛል። ቆዩ። የመንግሥት ተብሎ የተቆጠረው ውስጥ ግቢ አድሮ፣ ላብራቶሪ ገብቶ፣ ቤተ መጻሕፍት አምሽቶ የተማረ ልጅ አለ። የአራተኛ ክፍል ዴስክ ላይ ወደ ጎን ተቀምጦ ከተማረው ጋር አንድ ቁጥር ውስጥ ስታስገቡት ዴስኩ አይታያችሁም። የ62 በመቶው ቁጥር ስለ እናንተ ማዕከል ምንም አይነግራችሁም።

መናኸሪያ ውስጥ መኪና ሲሞላ መውጫ ይቆረጥለታል አይደል? መውጫ ሳይዝ በሩን አያልፍም። ግን አስቡት፤ ፍሬን የሌለውን መኪና በር ላይ ብታስቆሙት ተሳፋሪው ከፍሎ ተቀምጧል። የመውጫ ፈተናም እንደዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ያስቆማል። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ሦስትና አራት ዓመት ሄዷል። ለዚህ ነው ፈተናው አለና ቁጥጥሩ ይቅር ማለት የማይቻለው።

አንድ ሌላ መልእክትም ነበር፣ ከኮምቦልቻ የመጣ። "እኛ ኮምቦልቻ ግቢ የምንማረው ከግቢ ውጭ ነን ማለት ነው?" አብሽር ወንድሜ! የኮምቦልቻው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የወሎ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ግቢ ነው። የራሱ መምህር፣ የራሱ ወርክሾፕ አለው። ዋናው ግቢ ደሴ ስለሆነ አንተ ውጭ አይደለህም። እኔ የማወራው ቅዳሜ ተከፍቶ ሰኞ ስለሚጠፋው ነው።

መንግሥት ከዚህ በፊት ሞክሯል። በ2002 መጨረሻ የርቀት ትምህርት በሙሉ ቁም ተባለ፣ የግሉም የመንግሥቱም። ምክንያቱ ጥራት ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ተነሳ። እኔ ያን ዓይነት እርምጃ አልወድም። ርቀት ባይኖር ከወረኢሉ፣ ከመካነ ሰላም፣ ከባቲ ያለች መምህርት እንዴት ዲግሪ ትይዛለች? ሥራዋን ትታ ደሴ ቤት ትከራይ? አንድ ሹፌር ትርፍ ጫነ ተብሎ መንገዱ አይዘጋም። እኔ የምለው ለግሉ በየካምፓሱ፣ በየፕሮግራሙ፣ በየአሰጣጡ የሚጠየቀው ነገር ለመንግሥቱም ማዕከል ይጠየቅ ነው። ማዕከሉም ስሙና ፕሮግራሙ ሰው ሊያየው በሚችል ዝርዝር ላይ ይውጣ። የአክስቴ ልጅ ያን ዝርዝር የመጀመሪያው ቅዳሜ ብታየው ኖሮ ሦስቱን ዓመት ሌላ ቦታ ትማርበት ነበር።

እስከዚያው ምን ታደርጋላችሁ? የማዕከሉን አስተባባሪ አትጠይቁ፣ እሱ ምን እንደሚላችሁ ይታወቃል። የዩኒቨርሲቲውን ዋና ሬጅስትራር ሂዱና ጠይቁ። "ይህ ማዕከል፣ ይህ ፕሮግራም፣ በዚህ አሰጣጥ፣ የእናንተ ነው?" መልሱን በቃል ብቻ ተቀብላችሁ አትመለሱ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። ክፍያው በዩኒቨርሲቲው የባንክ ሒሳብ መሆኑን እዩ። ደረሰኝ ሲሰጧችሁ ማህተሙን አንብቡ። በጣት እየተከተላችሁ፣ ክቡን ዞራችሁ አንብቡት።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ወር እንደገና ተመዘገበች፣ ደሴ ላይ፣ የእረፍት ቀን ፕሮግራም። ቅዳሜ ንጋት ላይ ከዚህ መናኸሪያ ትነሳለች። ከመክፈሏ በፊት የሬጅስትራሩን ደብዳቤ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ ኮሌጆቹ እንነጋገራለን፣ የክልሉ ድርሻ የት ይጀምራል የት ያበቃል የሚለውን። በየትኛው ማዕከል ምን እንደተመለከታችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ የሰው ስም ሳትጠሩ። መኪናዬ ሞልቷል፣ ረዳቱ እየጠራኝ ነው።

[ምስል፦ የሚኒባሱ በር ሲዘጋ።]